ቀንድ ያሰሩለት ሰው

አንድ ሰው ነበረ። አናጢ ነው፤ በር ይሠራል፣ መስኮት ይሠራል። እናትና አባቱን በልጅነቱ ያጣ፣ ያላገባ፣ ሲስቅ አፉን በእጁ የሚሸፍን ዝምተኛ ሰው። ያደገው ሰንበት ትምህርት ቤት ውስጥ ነው።

የሰንበት ትምህርት ቤቱ ወጣቶች አንድ ጊዜ ፊልም እንሥራ ብለው ተነሡ። ታሪኩ በዋሻ ስለሚኖር መናኝና ስለሚፈትነው ዲያብሎስ ነው። መልካም ሐሳብ ነው፤ አልነቅፍም። ድርሻ ሲከፋፈል ታዲያ መልአኩን ልሁን የማይል አልነበረም። መናኙንም ለመሆን ብዙ ሰው እጁን አወጣ። ዲያብሎሱን ማን ይሁን ሲባል ግን እጅ የሚያወጣ ጠፋ። ሁሉም እግሩን ያያል።

በመጨረሻ ሰብሳቢው ወደ አናጢው ዞሮ «ወንድሜ፣ ፈታኝ ከሌለ ፈተና የለም። አንተ እንቢ ካልክ ፊልሙ ቀረ ማለት ነው» አለው።

«ሌላ ሰው ከጠፋ፣ እሺ» አለ። ለአገልግሎት ብሎ ነው እሺ ያለው። ይህን ያዙልኝ።

ፊቱን ከሰል ቀቡት፤ ከዓይኑ በታች የቀይ ሥር ጭማቂ ቀቡት፤ የፍየል ቀንድ ጭንቅላቱ ላይ በጨርቅ አሰሩለት። ከመቀባቱ በፊት ያማትባል፤ ታጥቦ ሲነሣም ያማትባል። ይህ ግን ፊልሙ ውስጥ አልገባም። ማን ይቀርጸዋል?

ፊልሙ ተወደደ። ሰው ሁሉ በስልኩ ያዘው፤ በየቤቱ መብራት እየጠፋ ታየ። መጀመሪያ ነገሩ ቀልድ ነበር። «ሰይጣኑ መጣ» ይሉታል፤ እሱም አፉን ሸፍኖ ይስቃል። ቀጥሎ ሕፃናት ሲያዩት እናታቸው ነጠላ ውስጥ መደበቅ ጀመሩ። እናቶቹስ ምን አሉ? «ልጄ፣ ይሄ እኮ አጎትህ ነው» አሉ? አላሉም። «አርፈህ ካልተቀመጥክ ለእሱ ነው የምሰጥህ» አሉ። ስም ይወጣል ከቤት፣ ይቀበላል ጎረቤት። ቆይቶ በር የሚያሠራ ሰው እንኳ ሲልክ «እዚያ ሰይጣኑ ጋ ሂድ» ይል ጀመር።

እሱ ይህን ሁሉ ቻለው። የሚጠብቀው አንድ ነገር ስለነበረ ቻለው። ውብሸት የሚባል የልብ ጓደኛ ነበረው፤ «ወንድ ልጅ ብወልድ የክርስትና አባቱ አንተ ነህ» ብሎታል። ወንድ ልጅ ተወለደ። ቤተሰብ ለሌለው ሰው የክርስትና ልጅ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ? ልጅ ማለት ነው። በዓል ሲመጣ በሩን የሚያንኳኳ ሰው አገኘ ማለት ነው። ለሕፃኑ የሚታሰረውን ማተብ ከሱቅ አልገዛም፤ ራሱ ቁጭ ብሎ ገመደው።

አርባኛው ቀን ደረሰ። ማለዳ ነጭ ለብሶ ክርስትና ቤቱ በር ላይ ቆመ። መቼም ሕፃን አፍ የለውም። ስለ እሱ ሆኖ፣ ፊቱን ወደ ምዕራብ አዙሮ «ሰይጣን ሆይ፣ እክድሃለሁ» የሚለው የክርስትና አባቱ ነው።

የሕፃኑ አያት እማማ ደብሪቱ መጥተው ፊቱ ቆሙ።

«ልጄ፣ አንተን ጠልቼህ አይደለም» አሉት። «ግን ሰይጣንን እክድሃለሁ በዚያ አፍ እንዴት ይባላል? ድምፅህ እኮ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም።»

«እማማ፣ ድምፁን እኮ በኮምፒውተር ነው ያወፈሩት።»

«ይሁን። ለሕፃኑ ስትል ተወው።»

ወደ ጓደኛው ዞረ። «ውብሸት፣ አንተስ?»

ውብሸት ቀና ብሎ አላየውም። «ምን ላድርግ፤ ቤቱ ሰላም ይሁን ብዬ ነው» አለ።

አናጢው ማተቡን ውብሸት እጅ ላይ አኑሮ ወጣ። በእሱ ቦታ ማን ቆመ መሰላችሁ? በፊልሙ መልአክ የሆነው ልጅ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ አልፈርድበትም። ግን አስተውሉ፤ አንዱ ክንፍ በማሰሩ ጸደቀ፣ አንዱ ቀንድ በማሰሩ ተኰነነ። ክንፉንም ቀንዱንም ያሰሩላቸው ያው ሰዎች ናቸው።

ከዚያ ወዲህ አናጢው ከአጥር ውጭ ቆሞ ማስቀደስ ጀመረ። ቆይቶ እሱንም ተወው፤ መጋዙንና መዶሻውን ሸክፎ ከተማውን ለቀቀ። ውብሸት ከዓመታት በኋላ ጸጸት አላስቀምጥ ቢለው ፈልጎ አገኘው። እግሩ ላይ ወደቀ። አናጢው አነሣው፣ ሳመው፣ ስለ ልጁም ጠየቀው።

«እንግዲያስ ተመለስ፤ አብረን እንሂድ» አለው ውብሸት።

«ይቅር ብዬሃለሁ» አለ አናጢው። «ግን እዚህም ቤተ ክርስቲያን ስገባ የማስበው ሰው ፊቴን እንዳያይ ነው። ልጆች እንዳያለቅሱ ብዬ ወደ ግድግዳ እዞራለሁ። ጸሎት ከተወኝ ቆየ፣ ውብሸት።»

ወገኖቼ፣ ይህን ሰው ማን በላው?

አንዳንዶቻችሁ አስፈሪ ፊልም ማየት ኃጢአት ነው ወይ እያላችሁ ትጠይቁኛላችሁ። ነገሩ በፊልም ቢያልቅ ምንኛ በቀለለ። ፊልም ሠሪ ለዲያብሎስ ቀንድ ያደርግለታል፤ ካላደረገለት ተመልካቹ አይለየውም። እናንተ ግን ቅዱስ መጽሐፍ ይነበብላችኋል። ሰይጣን የብርሃንን መልአክ እንዲመስል ራሱን እንደሚለውጥ ሰምታችኋል። የወንድሞች ከሳሽ እንደሚባል ሰምታችኋል። ታዲያ ከሳሹን በቀንዱ መፈለግ ከማን ተማራችሁ?

በዚያ ማለዳ «ሰይጣን ሆይ፣ እክድሃለሁ» ሲባል ያ ከሳሽ የት ነበር? አንገቱን ደፍቶ ከሄደው ሰው ጋር ነበር? ወይስ ተገላገልን ብለው እልል ካሉት ጋር ቆሞ ነበር? እኔ ይህን ባሰብኩ ቁጥር አለቅሳለሁ። ለአናጢውም አለቅሳለሁ፣ ለእማማ ደብሪቱም አለቅሳለሁ። እሳቸው እኮ የልጅ ልጃቸውን ያዳኑ መስሏቸው ነው።

እናንተስ? ፊልም ሳይሠራ፣ ከሰል ሳይቀባ፣ በሰፈር ወሬ ብቻ ቀንድ ያበቀላችሁለት ሰው የለም? ቡዳ ናት ብላችሁ፣ ስታልፍ ልጃችሁን የምትሸፍኑባት ሴት የለችም? ብረት ስለቀጠቀጠ ዓይኑን የምትሸሹት ጎረቤትስ? ታሞ ስለወደቀ፣ አረፋ ስለደፈቀ፣ ከማዕድ ያራቃችሁት ዘመድስ? የለም አትበሉኝ። እኔም እዚሁ አገር ነው የምኖረው።

ዛሬ ከዚህ ስትወጡ ወደ ቤታችሁ አትቸኩሉ። ሂዱና ቀንድ ያበቀላችሁለትን ሰው በር አንኳኩ። በክርስትና ስሙ ጥሩት። ቶሎ ባይመልስላችሁ አትሂዱ፤ ደግማችሁ ጥሩት። በዚያ ስም የጠራው ሰው ከጠፋ ቆይቷል።