የዋሱ ክር

በአንድ ወቅት፣ ዓይኑ የማይጠግብ ሰው በመርከብ ከወደብ ወደብ እየዞረ አገር በሚያይበት ዘመን፣ ሦስት ወንድማማቾች አብረው ተሳፈሩ። ታላቁ አድማሱ፣ መካከለኛው ይርዳው፣ ታናሹ ጫንያለው ይባላሉ። ጫንያለው ገና ሙሽራ ነው፤ ሚስቱም አብራው ነበረች።

አንድ ማለዳ መርከቡ በአንድ በረሃማ ወደብ መልሕቁን ጣለ። ካፒቴኑ፣ «ከእኔ ሰዎች ጋር የምትወጡ ገበያውን አይታችሁ ትመለሳላችሁ። በራሳችሁ የምትሄዱ ግን ፀሐይ ስትጠልቅ፣ ሦስተኛው ጡሩምባ ሲነፋ ካልደረሳችሁ አልጠብቅም» አለ። ወንድማማቾቹ እንደ በግ መነዳት አልወደዱም። ከተራራው ጀርባ የፈረሰች ጥንታዊ ከተማ አለች መባሉን ሰምተው እሷን ለማየት ቆረጡ። ሙሽራይቱ ማዕበሉ አሟት ነበርና መርከቡ ላይ ቀረች።

በዚያ አገር እንግዳ ወደ መሀል የሚገባው በዋስ ነው። ዋሱ ከኩታው ክር መዝዞ በእንግዳው እጅ ላይ ያስራል፤ ከዚያ በኋላ እንግዳውን የነካ እሱን ነካ። በእንግዳው ላይ ሁለተኛ ዋስ መጥራት ግን የመጀመሪያውን «አንተ ሰው አይደለህም» ማለት ነው፤ ያለ ደም አይታጠብም። ወንድማማቾቹ የወጉን ጫፉን እንጂ ሥሩን አልሰሙም።

አድማሱም አንድ ኑሩ የሚባል ዝምተኛ ጎልማሳ፣ የአንዲት መበለት አንድያ ልጅ፣ ዋስ አድርጎ ያዘ። ኑሩም የሦስቱንም እጅ አሰረ።

ይርዳው ግን መርከቡ እንዳያመልጣቸው ሰጋ። «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ሲባል እየሰማ ያደገ ሰው አይደል? ለማንም ሳይናገር ዳውድ ከሚባል ባለ ፈጣን ግመል ጋር ተስማማ። «ፍርስራሹ ዘንድ ጠብቀን፤ አንተ ትመልሰናለህ» አለው። ዳውድም ዋስ ሆኖ የተጠራ መሰለው።

ሲደርሱ ዳውድ ግመሎቹን አንበርክኮ ጠበቃቸው። የኑሩ ፊት ጠቆረ።

«እነዚህ የማን እንግዶች ናቸው?»

በወጉ መልሱ የታላቁ ነው፤ ስድቡን መሻር የሚችለውም እሱ ብቻ ነው፤ የአንዱን ስም ቢጠራ ሌላው አንገቱን ደፍቶ ይሄድ ነበር። አድማሱ ግን አገሩ ላይ አስታራቂ ሽማግሌ ነው፤ ሰው ማስከፋት አይሆንለትም። «ሁለታችሁም የእኛ ናችሁ። አብረን እንመለስ» አለ።

ቃሉን ሳይጨርስ ጎራዴዎች ተመዘዙ። የኑሩ ጆሮ ተቆረጠ፤ የዳውድ ጉንጭ ጥርሱ እስኪታይ ተተረተረ። ጫንያለው ቆሞ ማየት አልቻለም። በአገሩ ገላጋይ የሚይዘው የሚያውቀውን ሰው ነው፤ የማያውቁትን መያዝ ሌላ ጠብ ነው። ከኋላ ዘሎ ኑሩን በሁለት ክንዱ ጠፍሮ አቀፈው።

«ኑሩ፣ በፈጠረህ ተው!»

ኑሩን የሚለምነው አገኘ፤ ዳውድን ግን የያዘው የለም። ዳውድም ጎራዴውን በተያዘው በኑሩ ሆድ ሰካው። ኑሩ እየተንፈራገጠ አንድ እጁን አስለቀቀና የዳውድን አንገት መታው። ሁለቱም እዚያው ሞቱ።

ሬሳዎቹ በዳውድ ግመሎች ተጭነው ወደቡ ደረሱ። የአገሩ ሽማግሌዎችም ፈረዱ። «ደም በደም ተካክሏል። የኑሩ እናት ቤት ግን ባዶ ሆኗል። ሞቱን ያመጣባት እንግዳ ልጇ ሆኖ ይቀራል፤ እሷን እስኪቀብር ይህን ምድር አይለቅም። የትኛው እንደሆነ እሷ ትለያለች።»

ሁለተኛው ጡሩምባ ተነፋ።

«ዳውድን የጠራሁ እኔ ነኝ» አለ ይርዳው፤ «ግን ማንም እንዳይቀር ብዬ ነው።»

«አንድ ስም ብጠራ ሁለቱም ይኖሩ ነበር» አለ አድማሱ፤ «ሰላም ያወረድኩ መስሎኝ ነው።»

ጫንያለው አንገቱን ደፋ። የኑሩ የመጨረሻ መንፈራገጥ አሁንም ከክንዱ አልወጣም። ከመርከቡ ላይ ሚስቱ ነጠላዋን እያውለበለበች ትጣራለች፤ ቀና ብሎ ሊያያት ፈራ።

«እናቴ፣ ላድነው ብዬ ያዝኩት፤ ይዤ አስገደልኩት» አለ።

እናትየዋ በደም ከራሰው የልጇ ኩታ አንድ ክር መዘዘች። የሦስቱንም እጅ ተራ በተራ ዳሰሰች። በሦስቱም ላይ የልጇ ቋጠሮ አለ። ፀሐይ ውኃውን ነካች፤ ጡሩምባ ነፊውም ጡሩምባውን ወደ አፉ አነሳ።

እናንተ የሰማችሁ፣ ፍርዱን ለእናንተ ትቻለሁ፤ በእሷ ቦታ ብትሆኑ ክሩን በማን እጅ ላይ ታስሩት ነበር?