ወዴት ልሂድ ያለው ልጅ

አንድ ዳኛ ነበረ። ስንዱ፣ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ። አንድ ሕፃን ለምስክርነት ቀርቦ አንዴ እንዲህ፣ አንዴ እንዲያ ካለ ውሸታም ነው ወይ ነው ያልሽኝ። «አዎ» ወይም «አይደለም» ብዬ ብገላግልሽ ደስ ይልሽ ነበር። እንደዚያ ያለ መልስ የለኝም። ሕፃናት ምስክሮችን እንድትጠይቂ ለሕፃናቱ ችሎት ከተመደብሽ ገና ዓመት አልሞላሽም፣ ስለዚህ አትቸኩዪ፤ ተቀመጪና ስለ ዳኛው ስሚኝ።

ዳኛው በአንድ የገጠር አገር ላይ የተሾመ፣ ዕድሜው ገፋ ያለ ሰው ነበር። ጉቦ አይበላም። ሁለቱንም ወገን ሳያዳምጥ አንድ ቃል አይተነፍስም። ደሃ ተበድሎ ሲያይ እንቅልፍ አይወስደውም። በዚህ ሁሉ ስሙ የተከበረ ነበር። አንድ ዓይነት ነገር ሲመጣበት ግን ራሱን አያደክምም፤ ሌባው ያልታወቀ ስርቆት ከሆነ እንደ ዘመኑ ሰው ሌባሻይ ያስጠራ ነበር።

ሌባሻይ አሁን ቀርቷልና አታውቂው ይሆናል። ሌባ የሚሻ፣ ሌባ የሚፈልግ ማለት ነው። የሌባሻዩ አለቃ አንድ ትንሽ ልጅ አስከትሎ ከአገር አገር ይዞራል። ተጠርቶ ሲመጣ፣ ምን እንደሆነ እሱ ብቻ የሚያውቀውን መድኃኒት በወተት በጥብጦ ልጁን ያጠጣዋል። የልጁ ዓይን ይቀላል፤ እግሩም ይዝላል። ከዚያ ወገቡ ላይ ረጅም መቀነት ይታሰርለትና አለቃው ጫፉን ከኋላ ይዞ ይለቀዋል። ልጁ እየተንገዳገደ በመንደሩ መካከል ይሄዳል፤ አገሩም ግልብጥ ብሎ ይከተለዋል። በመጨረሻ ልጁ ገብቶ የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው። በቃ። ምስክር የለ፣ መሐላ የለ፣ ይግባኝ የለ። ሕፃን ነው፣ ማንንም አይጠላም፣ ተንኮል አያውቅም፣ ስለዚህ አይሳሳትም ይሉ ነበር። ዳኛውም ይህን ከልቡ ያምን ነበር። አትሳቂ! የእኛንም ዘመን እምነት ሰምተው የሚስቁ ሰዎች ይመጣሉ።

በዚያ አገር የሚኖር አንድ ባለጸጋ ጠመንጃ ጠፋበት። በዚያ ዘመን ጠመንጃ የወንድ ክብሩ ነበርና ባለጸጋው እህል ውሃ አልቀምስም አለ። ዳኛው ዘንድ ቀርቦ «ሌባሻይ ይጠራልኝ!» ብሎ አቤት አለ። ዳኛውም አስጠራለት።

አገሩ ግን ሌባሻዩ ከመድረሱ በፊት ሌባውን አውቆ ጨርሶ ነበር። በመንደሩ ዳር ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ትኖራለች። የመጣችው ከሌላ አገር ነው። እዚያ ዘመድ የላትም፣ ምላሷም አያርፍም። ባለጸጋው የመስኖዋን ውሃ ወደ ራሱ ማሳ የመለሰባት ጊዜ በሰው ፊት ልክ ልኩን ነግራዋለች። «እሷ ናት» ብሎ አፍ አውጥቶ የተናገረ ማንም የለም። ነገር ግን የጠመንጃው ወሬ በተነሳ ቁጥር የሁሉም ዓይን ወደ ጎጆዋ ይሄዳል። ከተፈረደባት ቤቷና በሬዋ ለባለጸጋው ይሰጣሉ፤ እሷም ልጆቿን ይዛ ከአገር ትወጣለች። ይህን እሷም ታውቃለች። ስለዚህ ሌባሻዩ የመጣ ዕለት ልጆቿን አጠገቧ ሰብስባ ደጃፏ ላይ ቁጭ ብላ ጠበቀች።

ዳኛው ሌባሻይ ሲወጣ ሁልጊዜ ከልጁ ኋላ፣ ከሕዝቡ ጋር ሆኖ ይሄድ ነበር። ያን ቀን ግን ጉልበቱን አሞት መሄድ አቃተው። ስለዚህ መንደሩን ቁልቁል የምታሳይ ጉብታ ላይ በርጩማ አስቀመጡለት። እዚያ ሆኖ ከዚህ በፊት አይቶት የማያውቀውን ነገር አየ፤ የልጁን ፊት አየ።

ልጁ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። አንድ ቤት ደጃፍ ሲደርስ ይቆምና ዞር ብሎ የሚከተለውን ሕዝብ ያያል። ሕዝቡ እርስ በርሱ ያወራል፣ አንዱ ያስላል፣ ሌላው ከጎረቤቱ ጋር ይሳሳቃል። ልጁ ያን ቤት ያልፈዋል። ወደሚቀጥለው ይሄዳል፣ አሁንም ዞር ይላል፣ አሁንም ያልፋል። ወደ ሴትየዋ ቤት የሚወስደውን መንገድ ሲረግጥ ግን ወሬው ቀጥ አለ። የሚስቀው ሳቁን ዋጠ፤ ባለጸጋውም አንገቱን አሰገገ። ልጁ ዞር ብሎ ዝም ያለውን ሕዝብ አየና እርምጃውን ፈጠን አደረገ።

ዳኛው በጣም ደነገጠ። ያየውን ነገር ገና በልቡ አላብላላውም ነበር፤ አፉ ግን ቀድሞት «ቁሙ!» ብሎ ጮኸ። በከዘራው እየተደገፈ ከጉብታው ወረደ።

«ጌታዬ፣ ካስቆሙት መድኃኒቱ ይበላሻል» አለ የሌባሻዩ አለቃ።

«ይበላሽ!» አለው ዳኛው። ወደ ሕዝቡ ዞረና «ሁላችሁም ፊታችሁን ወደዚያ ማዶ ገደል መልሱ። ጋቢያችሁን ተከናነቡ። ድምፅ እንዳልሰማ» ብሎ አዘዘ።

ከሕዝቡ ጋር የቆሙት የመንደሩ ቄስ «እኔም ልዙር?» ብለው ጠየቁ።

«እርስዎም ይዙሩ፣ አባ።»

«ምን ዓይነት ዳኝነት ነው ይሄ?» አለ ባለጸጋው።

«አንተማ በተለይ ዙር!»

ሰዉ እያጉረመረመ ዞረ። ዳኛው መቀነቱን ከልጁ ወገብ ላይ በገዛ እጁ ፈታ። አለቃውንም ከሰዉ ጋር እንዲቆም አደረገ። ከዚያም ልጁን «በል ሂድ፣ ሌባውን ፈልግ» አለውና እሱም ጀርባውን ሰጠው።

አገሩ ሁሉ ተከናንቦ ቆመ። ከነፋሱ በቀር የሚሰማ ነገር አልነበረም። የልጁ እግር ወዲህ አንድ ሁለቴ፣ ወዲያ አንድ ሁለቴ ተራመደና ቆመ። ብዙ ቆየ። በኋላ ከሕዝቡ ጀርባ ቀጭን ድምፅ ተሰማ።

«አባባ፣ ወዴት ልሂድ?»



«ፊታችሁን ካላየሁ እንዴት አውቃለሁ?» አለና ማልቀስ ጀመረ።

አየሽ ስንዱ፣ እዚህ ላይ ሰዉ ያፍራል ብለሽ ትጠብቂያለሽ። አላፈረም። ጋቢውን ገልጦ በአንድ ጊዜ ልጁ ላይ ጮኸበት። «ይሄ አታላይ! ሲያሞኘን ኖሮ ነው!» አሉት። አለቃውም የዋለበት ሥራ ስለተበላሸበት አለንጋውን አነሳ። ዳኛው መካከል ገባ።

«ማንን ነው አታላይ የምትሉት?» አላቸው። «ይህ ልጅ ሌባው እገሌ ነው ብሎ ያውቃል? የነገራችሁትም እናንተ፣ መልሳችሁ የሰማችሁትም እናንተ። እኔም አብሬያችሁ ነበርኩ።»

ከዚያ ዳኛው ያን የሚያመውን ጉልበቱን እንደ ምንም አጥፎ መሬት ላይ ተቀመጠ። ልጁን አጠገቡ አስቀመጠው። ስለ ጠመንጃው አልጠየቀውም፤ ስለ ሴትየዋም አላነሳበትም። «ሥራህን እንዴት እንደምትሠራ ንገረኝ፤ እኔ አላውቅም» ብቻ አለው። ፊቱንም ወደ ልጁ አላዞረም፤ ሣር እየነጨ ጠበቀ።

ልጁ ለቅሶው እስኪበርድለት ቆየና ተናገረ። «ሰዎቹ ካወሩ እዚያ ቤት አይደለም። ዝም ካሉ እዚያ ነው። እዚያ ስተኛ ጋሼ አይመታኝም፤ ዳቦም ይሰጠኛል።» ደግሞም ጨመረ። «ባለፈው የሸክላ ሠሪው ቤት የተኛሁ ጊዜ ልጆቹ አለቀሱ። ለምን እንዳለቀሱ አላወቅሁም። ሁሉም ሰው ጎበዝ ብሎኝ ነበር።»

ሸክላ ሠሪውን ከነልጆቹ ከአገር ያስወጣው ዳኛው ነበር። ዳኛው ሣሩን መንጨቱን ተወ። ልጁ ደግሞ ወዲያው ቀና ብሎ የዳኛውን ፊት አየና «አጠፋሁ?» አለው።

«አንተ አይደለህም» አለው ዳኛው። እንባውም መጣ።

ሴትየዋ በቤቷ ቀረች። የሌባሻዩ አለቃ ያን ዕለት ከአገር ተባረረ፤ ልጁ ግን አብሮት አልሄደም። ጠመንጃው ተገኘ ወይ ትይኛለሽ። ከጊዜ በኋላ ተገኝቷል። የት እንደተገኘ ለአንቺ ጥያቄ ምንም አይፈይድልሽም። ዳኛው በበቅሎ ተቀምጦ ሸክላ ሠሪውን ፍለጋ ሄደ፤ ገበያ ለገበያ እያጠያየቀ ዞረ። አላገኘውም። ይህ ነገር እስኪሞት ድረስ ከሆዱ አልወጣለትም።

ልጁ ዳኛው ቤት ማደግ ጀመረ። እንዲህ ያለ ታዛዥ ልጅ በዚያ ቤት ታይቶ አይታወቅም። የዳኛው ሚስት «ልጨምርልህ?» ስትለው መጀመሪያ ፊቷን ያያል፤ ደክሟት ከሆነ «ጠግቤአለሁ» ይላል፣ ፈገግ ካለች «አዎ» ይላል። ሴቲቱ «ምን ያለ ጨዋ ልጅ ነው እግዜር የሰጠን!» ትላለች። ዳኛው ግን ባየው ቁጥር ልቡ ይሰበራል። ይህ ልጅ ርቦት ይሁን ጠግቦ፣ በርዶት ይሁን ሞቆት፣ ከእሱ አፍ ማወቅ አልቻሉማ። ዳኛው አልተቆጣውም፤ «እውነቱን ንገረኝ» እያለም አላስጨነቀውም። የሚያደርገው ነገር አንድ ብቻ ነበር። ልጁ «አላውቅም» ባለ ጊዜ «ደግ፣ እኔም ብዙ ነገር አላውቅም» ይለዋል። ልጁ ተሳስቶ ሲያርመውም፣ ልክ ሲሆንም የዳኛው ፊት አይለዋወጥም።

ክረምቱ አልፎ በጋው ከገባ በኋላ አንድ ቀን ዳኛው በቅሎውን አስጭኖ፣ ነጭ በነጭ ለብሶ፣ ልጁን ይዞ ገበያ ሊወርድ ተነሳ። ደስ ብሎት ነበርና ደስታውን መደበቅ ረሳ። «በል ና፣ ገበያ እንሂድ!» አለው። ልጁ ቀና ብሎ ፊቱን አየ። ምን እንደሚፈለግበት በደንብ ገባው። ከዚያም «አልሄድም። ከጥጆቹ ጋር መጫወት ነው የምፈልገው» አለ።

ዳኛው በቅሎውን ትቶ ወደ ጓዳ ሮጠ። «አንቺ! ነይ ውጪ! ልጁ እምቢ አለኝ!» ብሎ ሚስቱን ጠራት። ሚስቱ ደንግጣ ብትወጣ ባሏ እንደ ሠርገኛ እየሳቀ አገኘችው።

ስንዱ፣ ታሪኩ ይኸው ነው። አሁን ወደ አንቺው ትንሽ ምስክር እንምጣ። ለአባቱ አንድ ነገር ተናገረ፣ ለፖሊሱ ሌላ፣ በካሜራ በሚታየው ክፍል ውስጥ ለአንቺ ደግሞ ሦስተኛ ነገር። አንቺም ውሸታም ነው ወይ ብለሽ መጣሽ። አባትየው ሲጠይቀው በቁጣ ነበር፤ ፖሊሱ በጥድፊያ ነበር። አንቺ ደግሞ አዝነሽለት ነበር፤ ስትነግሪኝ እንኳ ዓይንሽ እንባ አቅርሯል። ያዘነ ፊት ከሁሉም ይብሳል፤ ልጅ ያዘነ ሰው ሲያይ ማጽናናት ይፈልጋልና የተጠየቀውን አብዝቶ ይሰጣል። ልጁ ሦስት ጊዜ ተጠይቆ ሦስት ፊት አነበበ። ይህ መዋሸት አይደለም። ወደ ቤቱ ለመሄድ የሚፈልግ ሕፃን የሚያደርገው ይህንኑ ነው።

ደግሞ ልጅ አይታመንም አለኝ ብለሽ እንዳትሄጂ! በዚያ መንደር ያን ቀን እውነቱን የተናገረ ሰው ቢኖር ያ ልጅ ብቻ ነበር፤ የተናገረውም ፊቱን ያዞረ ሰው ቁጭ ብሎ ሲጠብቀው ነው። በልጁ ጉዳይ የተከሰሰው ሰው ጥፋተኛ ይሁን አይሁን እኔ አላውቅም፣ አንቺም አታውቂም። ንጹሕ ከሆነ ልጁን እየገፋችሁ ወደ ንጹሕ ሰው ቤት ታስገቡታላችሁ። ጥፋተኛ ከሆነም ነገ ጠበቃው ተነስቶ መቀነቱን የያዘው እጅ የማን እንደነበር ለችሎቱ ያሳያል፤ ጥፋተኛው እየሳቀ ይወጣል፣ ልጁም እውነት ተናግሮ ውሸታም ይባላል። እንደዚያ ያለ ልጅ ሁለተኛ ለማንም አይናገርም።

ስለዚህ ሰኞ ስትገቢ ስለ ተከሳሹ አትጀምሪ። የማታውቂውን እንደማታውቂ ንገሪው። «አላውቅም» ሲልሽ ደስ ይበልሽ እንጂ አይክፋሽ። አውቀሽም ተሳሳቺ፤ ስሙን አሳስተሽ ጥሪው፣ ታናሽ እህቱን ወንድም አድርገሽ ጠይቂው። መጀመሪያ ዝም ይልሻል፣ ፊትሽንም ያያል። ታገሺው። አንድ ቀን ዓይንሽን እያየ፣ ምን መስማት እንደምትፈልጊ እያወቀ፣ «አይደለም፣ ተሳስተሻል» ይልሻል። ብዕርሽን ያን ጊዜ አንሺ።