«ዋሪያ» ያስቆጣው አማች

ድሬዳዋ ውስጥ ሰው ነገሩን ሳያጣራ ቱግ ሲል፣ አጠገቡ ያለው ፈገግ ብሎ አንዲት አባባል ጣል ያደርግበታል። አባባሏ በስንዱ ሠርግ ዕለት የተወለደች ናት ይላሉ።

ስንዱን፣ ወላጆቿ ሲሞቱ፣ ያሳደጋት ታላቅ ወንድሟ አንዳርጌ ነው። የመንዝ ገበሬ ነው፤ ቁጥብ፣ የሰው ስም በክፉ የማያነሳ። እህቱ ሥራ ይዛ በኖረችበት ድሬዳዋ ዘውገ የሚባል ያገሬውን ልጅ ልታገባ ሲሆን፣ መርቆ ሊድራት በባቡር መጣ።

ደጃፏ ደርሶ ዳሱን ቆሞ ሲያይ ሙሽራውም ከሚዜዎቹ ጋር ደረሰ። አንዳርጌን አይቶት አያውቅም፤ ከኋላው ሲያየው የሰፈር ጓደኛው መሰለውና፣

«ዋሪያ! ፀሐይ ላይ ምን ገተረህ? ግባ እንጂ!» አለው።

አንዳርጌ ዞረ። ፊቱ ተለዋውጧል። «ወሬኛ? እኔን ነው ወሬኛ ያልኸው?»

«ኧረ አቦ፣ እኔ እኮ...»

የሚሰማው አላገኘም። አንዳርጌ ዱላውን ትከሻው ላይ ጥሎ ወደ ባቡር ጣቢያው ገሰገሰ። ስንዱ ይህን ስትሰማ ቬሏን አወለቀች። «ወንድሜ ሳይመርቀኝ ከዚህ ቤት ንቅንቅ አልልም!»

ጣቢያው በር ላይ ደሃቦ የሚሏት አሮጊት የግመል ወተት ትሸጣለች። ጋሪ ነጂ ልጇን፣ «ዋሪያ! ና የኔ ጌታ፣ ሳትጠጣ የት ትሄዳለህ?» ስትለው አንዳርጌ ሰማ።

«እናቴ፣ የገዛ ልጅዎን ወሬኛ ይሉታል?»

ደሃቦ ሳቋ አመለጣት። «ምን ወሬኛ አመጣው? በሶማሊኛ ‹አንተ፣ ስማኝ› ማለት እኮ ነው። እዚህ አገር ሁሉም በዚሁ ነው የሚጠራራው።»

አንዳርጌ አንገቱን ደፋ። «እህቴን በሠርጓ ቀን አስለቅሻታለሁ» አለ ቀስ ብሎ።

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ውጣ!» ብላ ጋሪው ላይ አስቀመጠችውና አብራው ሄደች።

ዳሱ ውስጥ ዘፈን የለም፤ ሁሉም አቀርቅሯል። አንዳርጌ ወርዶ ዘውገ ፊት ቆመ። ዱላውን ከትከሻው አውርዶ፣

«ዋሪያ... እህቴን አደራ» አለው።

ሳቁና እልልታው ዳሱን አናጋው። ስንዱ ወጥታ ጉልበቱን ሳመች፤ እሱም እንባው እየቀደመው መረቃት። ያን ጊዜ የዘውገ አያት ለደሃቦ አጠገባቸው ቦታ እየለቀቁላት እንዲህ አሉ፦ «ሳይጠይቅ የተቆጣ፣ ከሠርግ ቤት ወጣ!»