በጋቢ የተሸፈነው ሟች

በእኛ አገር፣ በወይን ዋሻ፣ ወሬ አንጠልጥሎ የሚሮጥ ሰው ሲያጋጥም ሽማግሌዎች አስቁመው የሚነግሩት አንዲት ቃል አለች። ወጣቶቹ ቃሏን ይጠቅሷታል እንጂ ከየት እንደ ተወለደች አያውቁም። እኔ ግን በተወለደችበት ደጅ ቆሜ ነበርና፣ ሞት ሳይቀድመኝ ላውጋችሁ።

አስቀድሜ ስለ መርዶ ሥርዓት ጥቂት ልበል። በአባቶቻችን ልማድ መርዶ ከአፍ እንደ መጣ አይለቀቅም። ሬሳውን በዓይኑ ያየ ወይም በእጁ የቀበረ ሰው ተፈልጎ ይጠየቃል፤ የነፍስ አባት ይጠራል፤ ጎረቤት ይሰበሰባል። ለሐዘንተኛው የሚደግፈው ክንድ በግራ በቀኙ ከቆመለት በኋላ ማለዳ ይነገረዋል። ይህ ሁሉ መዘግየት ስንፍና አይደለም፤ ለነፍስ መጠንቀቅ ነው።

በአንድ ክረምት የሕዝብ አውቶቡስ በቆላ በር ቁልቁለት ተንሸራትቶ ገደሉ አፋፍ ላይ ተገለበጠ። የከተማችን ሬዲዮ ጋዜጠኛ ኅሩይ፣ ልቡ ቅን፣ እግሩ ግን ከልቡ የሚቀድም ጎልማሳ፣ በሞተር ብስክሌቱ ከሁሉ አስቀድሞ ደረሰ። ቁስለኞች በጭቃው ላይ ያቃስታሉ። ከመንገዱ ዳር አንድ ሬሳ ከራሱ እስከ እግሩ በነጭ ጋቢ ተሸፍኖ ተጋድሟል። ወዲያው ስልኩ ጮኸ፤ የዜና አዘጋጁ ነበር።

«ሌሎቹ ጣቢያዎች ሊያወጡት ነው። የሞተ አለ?»

«አንድ አይቻለሁ።»

«ታዲያ ስሙን ስጠኛ! ስም የሌለውን ዜና ማን ይሰማዋል?»

ግንባሩ የደማ አንድ የከተማችን ጨው ነጋዴ አጠገቡ ተቀምጦ ነበር። ጋቢውን ሲያይ ራሱን ያዘ።

«ወይኔ! ይኼ ባለ አረንጓዴ ጥለት የእትዬ ትርንጎ ፈትል ነው እኮ! ልጇ ዲያቆን ልሳነወርቅ ነበር የለበሰው። ድጓ ሊያስመሰክር አብሮን ተሳፍሮ...»

«እርግጠኛ ነህ?»

«በየበዓሉ ማኅሌት ሲቆምበት የማየውን ጋቢ ልሳተው?»

ኅሩይ እጁን ወደ ጋቢው ጫፍ ሰደደ። የሬሳ ፊት መግለጥ ከበደው፤ ከስልኩም ውስጥ አዘጋጁ «ፍጠን እንጂ!» ይላል። እጁን መለሰና ስሙን ተናገረ።

እኛ በዚያች ሰዓት ትርንጎ ቤት ነበርን። ትርንጎ ባሏ የሞተባት፣ ከልሳነወርቅ በቀር ሌላ የሌላት፣ ልቧም የታመመባት ሴት ናት፤ ሐኪሙ ድንጋጤ እንዳያገኛት አጥብቆ አስጠንቅቆን ነበር። የነፍስ አባቷ መምሬ ጽጌ ጸበል ሊረጯት ሲመጡ እኔም ተከትያቸው ገብቻለሁ። ሬዲዮው መስኮት ላይ ለራሱ ያወራል። የልጇ ስም ከነማዕርጉ ሲጠራ ትርንጎ ፈገግ አለች።

«ሰማችሁ? ልጄን በሬዲዮ ሲያመሰግኑት!»

ከዚያ ቀጣዩ ቃል መጣ።

አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻላት ነበር። እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ከመደቡ ተንሸራተተች። ጎረቤት በእሪታ ቤቱን ሞላው። ሐዘን በገባበት ቤት ሬዲዮ አይሰማምና አንዲት ሴት ተነሥታ ዘጋችው። መምሬ ጽጌ አጠገቧ ተንበርክከው የእጇን ትርታ ይዘው ይጸልያሉ።

በቁልቁለቱ ደግሞ፣ ኋላ ኅሩይ ራሱ እንደ ነገረን፣ በሸሚዝ ብቻ የቀረ፣ ጥርሱ በብርድ የሚንቀጫቀጭ ወጣት፣ ቁስለኛ ተሸክሞ ከገደሉ ወጣ። ቁስለኛውን በቀስታ አስተኝቶ ወደ ኅሩይ ቀረበ።

«ወንድሜ፣ ስልክህን ብታውሰኝ? የእኔ ጠፍቶብኛል። እናቴ ልበ ደካማ ናት፤ አደጋውን ከሰው አፍ ሳትሰማ ደኅና ነኝ ልበላት።»

«ማን ልበል?»

«ልሳነወርቅ እባላለሁ።»

ኅሩይ ዓይኑን ወደ ሬሳው ወረወረ። «ያ ጋቢስ?»

«የእኔ ነው። ሰውየው እጄ ላይ ዐረፈ፤ ሬሳ ዝናብ እየመታው አይተውም ብዬ አለበስሁት። ምነው፣ ፊትህ ዐመድ መሰለ?»

ኅሩይ ያደረገውን ሁሉ ተናዘዘለት። ወደ እናቱ ስልክ ተደወለ፤ ጠራ፣ ጠራ፤ በዚያ ዋይታ መካከል የሚያነሣው አልነበረም። ጣቢያው እርማቱን ደጋግሞ አወጀ። ከተማው ሁሉ ሰማ፤ መስማት የሚገባት አንዲት ቤት ግን ሬዲዮዋ ዝግ ነበር። አንድ ጎረቤት «አልሞተም ተብሏል!» እያለ ሮጦ ቢገባ ሴቶቹ ተነሡበት።

«ውጣ ከዚህ! በሞተ ልጅ ይቀለዳል? አሁን ሞተ ብላችሁ፣ አሁን ተነሣ ልትሉን ነው?»

ኅሩይ ልሳነወርቅን በሞተር ብስክሌቱ አፈናጠጠው። ጭቃው ያንሸራትታል፤ ኅሩይ ፈርቶ ቀስ ሲል ልሳነወርቅ ከኋላው ትከሻውን ጨምድዶ፣ «ለመናገር የፈጠንኸውን ያህል ንዳ እንጂ!» ይለዋል። ኅሩይም በልቡ «አምላኬ፣ እናቱን አንድ ጊዜ አቆይልኝ» እያለ ነዳ።

ደጁ ላይ ሲደርሱ ለቀስተኛው እየጮኸ ተከፈለ፤ አንድ አዛውንት «በስመ ሥላሴ!» ብለው አማትበው ወደ ኋላ ወደቁ። ልሳነወርቅ ማንንም ሳያይ ገብቶ እናቱ አጠገብ ተደፋ።

«እምዬ።»

ዓይኗ በግማሽ ተከፈተ። ቀኝ እጇ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ፊቱን ዳሰሰ፤ ከዚያም እርጥብ ትከሻውን።

«ጋቢህስ?» አለች፣ እንደ ክር በቀጠነ ድምፅ።

ያን ጊዜ ተነፈስን። ግራ እጇ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ጥጥ ይዞ አያውቅም።

ኅሩይ ከደጅ ጭቃ ላይ ተንበርክኮ ነበር። መምሬ ጽጌ ሲወጡ እግራቸውን ያዘ።

«አባቴ፣ እርማቱን ወዲያው አስነግሬያለሁ። ደጋግሜ አስነግሬያለሁ።»

«ለእኛ የደረሰን ልጁ እንጂ እርማትህ አይደለም» አሉት። ደግሞም፣ «ለመሆኑ በጋቢው ሥር የተኛው ማን ነው? እርሱንም እኮ የምትጠብቅ እናት ትኖረዋለች» አሉ።

በዚህ መካከል የኅሩይ ስልክ ጮኸ፤ የአዘጋጁ ድምፅ እኔ እስከ ቆምሁበት ይሰማል፦ «የእውነተኛው ሟች ስም ተገኘ! አንድ ተሳፋሪ የአውቶቡሱ ረዳት ወንድም ነው ይላል። ሌላ ጣቢያ ሊቀድመን ነው፤ እናውጣው?» ኅሩይ ስልኩን ከጆሮው ሳያነሣ ቀና ብሎ መምሬን አያቸው፤ እርሳቸውም መስቀላቸውን ግንባሩ ላይ አኑረው፣ «ልጄ፣ ፊቱን ሳትገልጥ ስሙን አትጥራ» አሉት።