ሣር የተከለከለች ላም

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። ተረት ልነግራችሁ ነው። አስቀድሜ ግን ልንገራችሁ፤ ይህን ተረት ባወራሁት ቁጥር ደሜ ይፈላል። ድምፄ ከፍ ካለ በእናንተ የተቆጣሁ እንዳይመስላችሁ።

በድሮ ዘመን፣ ከአንድ ወንዝ ማዶ፣ ይርዳው የሚባል ገበሬና የሻረግ የምትባል ሚስቱ ይኖሩ ነበር። ይርዳው ደግ ነው፣ ጉልበተኛ ነው፣ ግን የነገሩትን ሁሉ ያምናል። «ዛሬ ፀሐይ በምዕራብ ወጣች» ቢሉት፣ «እኔ ተኝቼ ነበር፣ አላየሁም» ይላል። የሻረግ ደግሞ ዝምተኛ ናት። ዝም ብትልም ሁሉም ነገር ይገባታል።

እነዚህ ባልና ሚስት ሴት ልጅ ወለዱ። እልል ተባለ።

ባገራቸው ልማድ አራስ፣ ሴት ልጇ ክርስትና እስክትነሳ፣ ማለት ለሰማንያ ቀን፣ ከቤት አትወጣም፤ እሳትም አትነካም። ሌላ ሴት መጥታ ታርሳታለች። ታበስልላታለች፣ ታበላታለች፣ ልጇን ታጥብላታለች። ልማዱ መልካም ነው፤ እኔ በልማዱ ምንም ቅሬታ የለኝም። ቅሬታዬ በመጣችው ሴትዮ ነው።

የየሻረግ እናት ሞታለች። ስለዚህ የይርዳው አክስት መጣች፣ እትዬ ዘነቡ።

እትዬ ዘነቡ ሆዳም ናት። በቃ፣ ነገርኳችሁ። ሆዳምነቷን ግን በአዋቂነት ትሸፍነዋለች። «እኔ ሰባት አራስ አርሻለሁ» ትላለች። ሰባቱ እነማን እንደሆኑ የጠየቃት ሰው አለ? አንድም የለም!

በመጀመሪያው ሳምንት ይርዳው ዶሮ አረደ። ወጡ ተሠራ፣ ሽታው ቤቱን ሞላው። የሻረግ ከመደቡ ላይ ቀና ብላ ተቀመጠች። እትዬ ዘነቡ ድስቱን ከፍታ አየችና ደረቷን ደቃች።

«እንኳን በጊዜ አየሁት! የምታጠባ ሴት ዶሮ ትበላለች እንዴ? ዶሮ ስትጭር ነው የምትውለው። ዶሮ ከበላሽ ልጅቷ ስታድግ የሰው ጓሮ ስትጭር ትኖራለች። በሉ፣ እኔ ከዚህ ቤት ላጥፋው። ለልጅቷ ብዬ ነው!»

ድስቱን ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። እንዴት አጠፋችው? በላችዋ! ከነመላላጫው፣ ከነፈረሰኛው፣ ከነእንቁላሉ!

ለየሻረግ አጥሚት ሰጠቻት። አጥሚት ስላችሁ ማርና ቅቤ ያለበት እንዳይመስላችሁ። ውሃ ነው፤ ገብስ በሩቁ ያለፈበት ውሃ።

በሁለተኛው ሳምንት የጎረቤት ሴቶች ገንፎ አገንፍተው አራስ ጥየቃ መጡ። ገንፎው መሃሉ ጎድጎድ ብሎ በቅቤና በበርበሬ ተሞልቷል። እንግዶቹ ተጨዋውተው፣ ልጅቷን መርቀው ወጡ። እትዬ ዘነቡ በሩን ዘጋችና ደረቷን ደቃች።

«እንኳን በጊዜ ወጡ! የምታጠባ ሴት ቅቤ ትበላለች እንዴ? ቅቤ ያንሸራትታል። ቅቤ ከበላሽ ልጅቷ መሄድ ስትጀምር በየሜዳው እየተንሸራተተች ትወድቃለች። በሉ፣ እኔ ላጥፋው። ለልጅቷ ብዬ ነው!»

አጠፋችው። ጣቷን እስከ ክርኗ እየላሰች አጠፋችው።

በሦስተኛው ሳምንት ይርዳው ከጓሮው ጎመን ቀነጠሰ፣ በአይብ ተሠራ። እትዬ ዘነቡ አሁንም ደረቷን ደቃች።

«ጎመን? ጎመን ከበላሽ እኮ ወተትሽ አረንጓዴ ይሆናል! ልጅቷን አረንጓዴ ልታጠቢያት ነው? በሉ፣ ለልጅቷ ብዬ ነው!»

እናንተ ሳቃችሁ። ይርዳው ግን አልሳቀም። ራሱን ነቅነቅ አድርጎ «አክስቴ ባትኖሪ ምን ይውጠን ነበር!» አለ። ምን ይውጠን ነበር አለ! ኧረ እናንተ ሰዎች፣ እኔ ይህን ሰው ምን ልበለው?

ገና አላለቀም። የላማቸውን ወተት ከለከለቻት፤ «ልጅቷ ቀንድ ታበቅላለች» ብላ። ራሷ ግን ጧት አንድ ጮጮ፣ ማታ አንድ ጮጮ ትጠጣለች። እሷ ቀንድ አላበቀለችም። መጨረሻ ላይ ውሃ ከለከለቻት። «ውሃ ስትጠጪ ወተትሽ ይቀጥናል» አለቻት። ውሃ!

የሻረግ ለምን ዝም አለች ትሉኝ ይሆናል። አንድ ቀን ተናግራለች። «እትዬ፣ ራበኝ» አለቻት። እትዬ ዘነቡም «ብይ እንግዲህ! ልጅቷ አንድ ነገር ብትሆን ግን እኔ የለሁበትም፤ ገደለቻት የምትባዪው አንቺ ነሽ» አለቻት። እንዲህ ተብላ የምትበላ እናት ካለች አሳዩኝ።

የሻረግ ከሳች። ፀጉሯ ስትነካው እየተነቀለ እጇ ላይ ይቀራል። ልትነሳ ስትል ዓይኗ ይጨልማል። ጡቷ ጎደለ።

ልጅቷ መጀመሪያ ጮክ ብላ ታለቅስ ነበር። ኋላ ቀስ ብላ ማልቀስ ጀመረች። ኋላ ማልቀሱም ደከማት።

የልጅቷ ለቅሶ ሲጠፋ የሻረግ ደነገጠች። ይህች ልጅ በእጄ ላይ ልትሞትብኝ ነው አለች በልቧ። ተነስታ እንዳትሟገት አቅም የላትም። ባሏ ደግሞ የሚሰማው አክስቱን ነው። እንግዲህ ምን ታድርግ? ተኝታ አሰበች።

በዚያ ዘመን ከብት የሚያድረው ከሰው ጋር አንድ ቤት ውስጥ ነው። ዳልቻ የምትባለው ላማቸው በቅርቡ ወልዳ ከየሻረግ መደብ ፊት ለፊት፣ ጋጡ ውስጥ ታስራለች። ጧት እትዬ ዘነቡ ገና ጓዳ ተኝታ ሳለች ይርዳው ለምለም ሣር አጭዶ ለዳልቻ ሲያመጣላት፣ የሻረግ ቀና አለችና ደረቷን ደቃች።

«እንኳን በጊዜ አየሁህ! የምታጠባ ላም ሣር ትበላለች እንዴ? ወተቷ አረንጓዴ ይሆናል። ይልቅ ጭድ ጣል አድርግላት። ለጥጃዋ ብዬ ነው።»

ይርዳው ሣሩን አየው፣ ላሚቱን አየ፣ ራሱን አከከ። «እውነትሽን ነው?» አለ።

«አዋቂ የነገረኝን ነው የምነግርህ።»

ሣሩን ይዞ ተመለሰ! አመነ! ከልጅነቱ ጀምሮ ላም ሲያረባ የኖረ ሰው!

በማግስቱ አተላ ይዞላት መጣ። የሻረግ «አተላ ከጠጣች ጥጃዋ ሰክራ ገደል ትገባለች። መልሰው» አለችው። መለሰው። በሦስተኛው ቀን ውሃ ሊያጠጣት ፈታት። «ውሃ ወተቷን ያቀጥነዋል። እሰራት» አለችው። አሰራት።

በመጀመሪያው ቀን የእትዬ ዘነቡ ጮጮ ትንሽ ጎደለ። በሁለተኛው ቀን ግማሽ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ማታ እትዬ ዘነቡ ጮጮዋን ይዛ ተንበርክካ አለበች፣ አለበች፣ አለበች። ጥቂት ጠብታ ብቻ ወጣ። ያን ጊዜ ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ ጮኸች።

«ኧረ የሰው ያለህ! ይህችን ላም ማን ነው የገደላት?»

ጎረቤቶቹ ሰው የሞተ መስሏቸው እየሮጡ መጡ። እትዬ ዘነቡ ባዶውን ጮጮ እያሳየች ትንጨረጨራለች።

«እዩልኝ! የምታጠባ እኮ ናት! ሣር የለ፣ አተላ የለ፣ ውሃ የለ! ካልበላች ወተቱን ከየት ታምጣው? ከሰማይ? ካልጠጣችስ ምኗ ይታለብ? ጥጃዋ ምን ትጥባ? የምታጠባ እናት የሚያስርብ የየት አገር ጨካኝ ነው?»

ይርዳው አንገቱን ደፋ። «እኔ ነኝ፣ አክስቴ» አለ። «ሣር ወተቷን አረንጓዴ ያደርገዋል ተብዬ ነው።»

«ሣር ወተት አረንጓዴ ያደርጋል? የት አገር ነው እንዲህ የሚሆነው?»

ከመደቡ ላይ የሻረግ መለሰች። «ጎመን አረንጓዴ በሚያደርግበት አገር ነው፣ እትዬ።»

ጎረቤቶቹ ሁሉ ወደ መደቡ ዞሩ።

የሻረግ ጋቢዋን ከላይዋ ገለጠች። ሴቶቹ ክንዷን አዩ፣ አንገቷን አዩ፣ አጠገቧ የተኛችውን ሕፃን አዩ። አንዷ አሮጊት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ማልቀስ ጀመረች። «ያን ሁሉ ገንፎ ማን በላው?» አለች።

እትዬ ዘነቡ «ሰው ሌላ፣ ላም ሌላ!» ብላ ሞከረች።

«አዎ፣ ሌላ ነው» አለች የሻረግ። «ዳልቻን ሦስት ቀን ብናስርባት አገሩን ሰበሰቡላት። እኔ ሃያ ሰባት ቀን ስራብ ማንን ጠሩልኝ?»

ይርዳው መሬት ላይ ቁጭ አለና እንደ ልጅ አለቀሰ። አሁን ማልቀስ ምን ዋጋ አለው ልለው ነበር፣ ግን ወዲያው ተነሳ። ለላሚቱ ውሃና ሣር ሰጣት። ዶሮ አረደ። ጎረቤቶቹ ቅቤ አመጡ፣ እንቁላል አመጡ፣ ጎመን አመጡ። ወጡ እስኪደርስ አሮጊቷ ማር ያለበት ወፍራም አጥሚት በእጇ አጠጣቻት።

እትዬ ዘነቡስ? ሽማግሌዎች ፈረዱባት። እስከ ክርስትናው ቀን ድረስ ለአራሷ እሷ ራሷ ታብስል፤ ማማሰያውን እንኳ ሳትልስ ታቅርብ፤ ለራሷ ያንኑ ገብስ በሩቁ ያለፈበትን ውሃ ትጠጣ ተባለ። ሁለት ሴቶች አጠገቧ ተቀምጠው ይጠብቋታል።

በመጀመሪያው ቀን አኮረፈች። በሁለተኛው ቀን ግድግዳ ተደግፋ ዋለች። በሦስተኛው ቀን የየሻረግ መደብ ሥር ወድቃ «ልጄ፣ ዓይኔ ጨለመብኝ፣ ጉልበቴ ከዳኝ፣ ማሪኝ» አለቻት።

የሻረግ ልጇን እያጠባች ነበር። ልጅቷ ከስንት ቀን በኋላ ጥጋብ አግኝታ፣ በአፏ ጥግ ወተት እየፈሰሰ ነው።

«እትዬ፣ እርስዎ የራብዎት ለአንድ ሰው ነው» አለቻት። «እኔ የራበኝ ለሁለት ነበር።» ይህን ብላ ከምትበላው ገንፎ ቆርሳ አጎረሰቻት።

እትዬ ዘነቡ ጉርሻውን ዋጠች፣ ቀና ብላም ሰው ማየት አቃታት። በማግስቱ ጧት፣ የሻረግ ለሽማግሌዎቹ «ምሬያታለሁ» ብላ ስታስለቅቃት፣ እቃዋን ጠቅልላ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ስምንተኛ አራስ አላረሰችም።

እንግዲህ ትምህርቱን አዙሬ አልነግራችሁም። የምታጠባ ሴት አብሉ። ጎመኑንም፣ እንቁላሉንም፣ ሥጋውንም፣ ውሃውንም ስጧት። እሷ ስትራብ ሕፃኑም ይጎዳል፤ እሷ ስትጠግብ ሁለቱም ይድናሉ። ይህን ለማወቅ ሰባት አራስ ማረስ አያስፈልግም፤ ላም ያለው ሁሉ ያውቀዋል። አንድ ሰው መጥቶ «ይህን አትብላ፣ ያን አትብላ» ካለ ደግሞ፣ የተከለከለው ድስት ወደ ማን ጓዳ እንደሚገባ ተከትላችሁ እዩ።

የእኔ ተረት እዚህ ላይ አለቀ፤ ንዴቴ ግን አላለቀም። ሂዱ አሁን፣ እናቶቻችሁን አታስጠብቁ።