አማትና ምራት የተደባበቁት ሕመም

አንዲት ትርንጎ የምትባል ሴት ነበረች። በሠፈሯ ሠርግ ሲኖር ከበሮ የምትመታውና ዘፈን የምታወጣው እሷ ነበረች። የመጀመሪያ ልጇን ከወለደች በኋላ ግን ከሠርግ ቤት ጠፋች። ሲጠሯት አንዴ ራሴን አሞኛል፣ ሌላ ጊዜ ልጁ አተኩሶታል ትላለች። ሰውም ትዳር አኮራት ብሎ ተቀየማት። እውነቱ ሌላ ነበር። ስትስቅ፣ ስታስል ወይም ስትዘል ሽንቷ ያመልጣታል። ይህን ለባሏ እንኳ አልተናገረችም።

ሁለተኛ ልጇን አርግዛ ለክትትል ጤና ጣቢያ ስትሄድ፣ አዋላጅዋ ሲስተር ማስተዋል ነፍሰ ጡሮቹን ሰብስባ ስለ አንድ ጡንቻ አስተማረቻቸው። ፊኛንና ማሕፀንን ከሥር ደግፎ የሚይዝ ነው፤ በእርግዝናና በወሊድ ይላላል። ሽንትንና ፈስን ለመያዝ እንደሚደረገው ወደ ላይ ሰብሰብ አድርጎ፣ ጥቂት አቆይቶ መልቀቅና ይህንኑ መደጋገም ያጠነክረዋል አለቻቸው። ትንፋሽ እንዳይያዝ፣ ሆድና ጭንም እንዳይጨመቅ አስጠነቀቀች። ሴቶቹ ፈስ የሚለውን ሲሰሙ ተሳሳቁ። ትርንጎም ሳቀች፤ ስትስቅም አመለጣት። ነጠላዋን ወገቧ ላይ አገልድማ፣ ምንም ሳትጠይቅ ወጣች።

ቤት ስትደርስ አማቷ እማማ ደብሪቱ ምን እንደተማሩ ጠየቋት። እንደ ቀልድ አድርጋ አወራችላቸው። እማማ አልሳቁም። የሚለቅሙትን ምስር ገፋ አደረጉ።

«ይሄ ለነፍሰ ጡር ብቻ ነው?» አሉ።

ትርንጎ ነገሩ አልገባትም።

«ባልሽን ከወለድኩ ጀምሮ ቅዳሴ እስኪያልቅ ቆሜ አላውቅም። ሰው እግሯን ያማታል ይላል። እኔም አላስተባበልኩም።»

አንድ ጣራ ሥር እየኖሩ ሁለቱም ልብሳቸውን ተደባብቀው ሲያጥቡ እንደከረሙ ትርንጎ ያኔ ገባት።

«እማማ፣ እኔም እንደርስዎ ነኝ» አለች።

በማግስቱ አብረው ጤና ጣቢያ ሄዱ። ሲስተር ማስተዋል ሁለቱንም ለየብቻ መረመረቻቸው። ትርንጎ እንቅስቃሴውን ከወሊድም በኋላ እንድትቀጥል፣ ለውጡ ቶሎ ባይታያት ተስፋ እንዳትቆርጥ ነገረቻት። እማማ ደብሪቱም እንዲሠሩት መከረቻቸው፤ ማሕፀናቸው ዝቅ ብሎ ስለነበር ግን ለሕክምና ወደ ሆስፒታል ላከቻቸው።

ከዚያ ወዲህ ሁለቱ እንቅስቃሴውን ለመሥራት በጨዋታ መሐል በአንድ ጊዜ ዝም ይሉ ጀመር። ባልየው ምን እየዶለቱ እንደሆነ ግራ ይገባው ነበር። ትርንጎ አንዳንድ ቀን ስትረሳው እማማ ያስታውሷታል፤ እማማ ሲሰለቻቸው ደግሞ እሷ ትቆጣቸዋለች። ትርንጎ ሴት ልጅ በሰላም ተገላገለች። ሽንቷ ማምለጡም እየቀነሰ ሄዶ፣ በኋላ ብርቱ ጉንፋን ሲይዛት ካልሆነ በቀር ተዋት። እማማም ታክመው ቀለላቸው።

አንድ ቀን በጽዋ ማኅበር ሴቶቹ ብቻቸውን ሲቀሩ እማማ ደብሪቱ የደረሰባቸውን ሁሉ ተናገሩ። ትርንጎ ሳቁን ፈርታ አቀረቀረች። የሳቀ ግን አልነበረም። ከጥጉ የተቀመጡ አንዲት አሮጊት ቀና ብለው፣ «እስቲ ድገሚው፤ እንዴት ነው የሚደረገው?» አሉ።

ወዳጆቼ፣ ጡንቻ በጊዜ ካሠሩት ይበረታል፤ ነፍሰ ጡር የሆነች ሴትም ብትጀምረው ትጠቀማለች። ትርንጎንና አማቷን ከሰው ያራቃቸው ግን የጡንቻው መላላት ብቻ አልነበረም፤ ይበልጡን ዝምታቸው ነው። እርስዎ አፍረው የደበቁትን ሕመም፣ አጠገብዎ ያለው ሰውም ደብቆት ቢሆንስ?