እመት ኤሊ የለጠፈችው ማስታወቂያ

ጆሮ ያላችሁ ስሙ፤ የሌላችሁ ከጎናችሁ ተዋሱ።

ድሮ ድሮ፣ እንስሳት በአውቶቡስ ይሄዱ በነበረበት ዘመን፣ በአንድ ከተማ ዳር አንድ ሰፈር ነበረ። ከደጋ የወረደውም፣ ከቆላ የወጣውም፣ ቀንዳሙም ላባሙም አብሮ የሚኖርበት ሰፈር ነው። መግቢያው ላይ የአውቶቡስ መጠለያ ቆሟል። የሰፈሩ ባለ ሱቅ ሁሉ ማስታወቂያውን የሚለጥፈው በዚህ መጠለያ ግድግዳ ላይ ነበር።

እመት ኤሊ ከመጠለያው ጀርባ፣ ጠባብ ቅያስ ውስጥ ገብስ እየፈጨች ዱቄት ትሸጥ ነበር። ዱቄቷ ግሩም ነው፤ ሱቋ ግን አይታይም። ሦስት ሳምንት ሙሉ አንድም ገዢ አልመጣላትም። ጎረቤቷ አያ ጅቦ ደግሞ ሥጋ ቤቱን ለማስፋት የእሷን ሱቅ ተመኝቷል። አከራዩም "እስከ ወሩ መጨረሻ ገበያ ካላገኘሽ ትለቂያለሽ" ብሏታል። እመት ኤሊ ፈራች። ቤት በጀርባዋ መሸከም ታውቅበታለች፤ ወፍጮ መሸከም ግን አትችልም።

አያ ጅቦ በመጠለያው ላይ ትልቅ ማስታወቂያ ነበረው። "አያ ጅቦ ሥጋ ቤት። ኑ። ብቻችሁን ኑ" ይላል። የለጠፈው በሞራ ስለሆነ ማንም አይጠጋውም።

እመት ኤሊም የራሷን ዱቄት በውሃ አፍልታ ሙጫ ሠራች። "ምርጥ የገብስ ዱቄት፣ ከመጠለያው ጀርባ" ብላ ጻፈችና በቁመቷ ልክ ለጠፈችው። በማግሥቱ ብትመጣ ወረቀቱ የለም።

"መጠለያ ሆይ፣ ማስታወቂያዬን ማን ወሰደው?"

"ፍየል በላችው" አለ መጠለያው።

"ምነው ዝም አልካት?"

"እኔ ጥላ ነኝ፤ ዘበኛ አይደለሁም።"

ሁለተኛ ጻፈች። ድንጋይ ላይ ወጥታ ከፍ አድርጋ ለጠፈችው። በማግሥቱ ብትመጣ የለም።

"ማን ወሰደው?"

"አህያ በላው።"

"ምነው ዝም አልከው?"

"አውቶቡሱ ዘግይቶበት ነበር።"

ሦስተኛ ጻፈች። ጦጣን ለምና ከጣራው ሥር አስለጠፈችው። በማግሥቱ ብትመጣ የለም።

"ማን?"

"ግመል።"

አያ ጅቦ ከደጃፉ ሆኖ ያይ ነበር። "አይዞሽ እመት ኤሊ" አለ። "የእኔን እይው፤ አንድም ጥርስ አልነካውም። ዕቃሽን መቼ ታወጫለሽ?"

እመት ኤሊ አንገቷን ወደ ውስጥ ከታ አለቀሰች። ስታለቅስ ቆይታ ቀና ብትል፣ ፍየል፣ አህያና ግመል አውቶቡስ ሊጠብቁ መጥተው ግድግዳውን ይልሳሉ።

"እናንተ፣ ሱቄን እኮ ነው የበላችሁት" አለቻቸው።

ፍየል አፈረች። "ይቅር በይን፣ እመት ኤሊ። ለመሆኑ ይህ ገብስ የማን ነው?"

"የእኔ ነዋ። እላዩ ላይ ጽፌው ነበር።"

"ማን አነበበው" አለ አህያ። "ከነጽሑፉ ዋጥነው እንጂ።"

"ሱቁ የት ነው?" አለ ግመል።

"ከጀርባችሁ።"

ሦስቱም ዞሩ። አውቶቡሱ መጣ፤ የተሳፈረ የለም። ወሬው ሰፈሩን አዳረሰ፤ በሳምንቱ የእመት ኤሊ ወረፋ ቅያሱን ሞላው። አከራዩም ስለ መልቀቅ ማንሳት ተወ።

አያ ጅቦ ነገሩን አወጣ አወረደና "ምስጢሩ ሙጫው ላይ ነው" አለ። ከእመት ኤሊ ዱቄት ገዛ፤ ሙጫ ሠርቶ ማስታወቂያውን አሥር ቦታ ለጠፈው። ቀትር ሳይደርስ ግድግዳው ተልሶ ጸዳ። አያ ጅቦ ቢላዋውን ስሎ እንግዳ ቢጠብቅ፣ ቢጠብቅ፣ የሚመጣ ጠፋ። በመጨረሻ ወደ መጠለያው ሄደ።

"ማስታወቂያዬ አልሠራም እንዴ?"

"ሠርቷል እንጂ" አለ መጠለያው። "ሁሉም እመት ኤሊ ዘንድ ተሰልፈዋል።"

እኔ ተረቴን አደረስኩ። እናንተ ደግሞ ይህን ያዙ፦ የቀመሰ ሁሉ የሚሄደው አፉ ወደሚያስታውሰው ቤት ነው፤ ግድግዳ ላይ ወደተጻፈው ስም አይደለም።